የጎደለው ዓምድ

ቅኔ ለመማር አንኮበር በገባሁበት በመጀመሪያው ክረምት ንባብ ሰልችቶኝ ነበር። ይህን መጻፍ ለተማሪ ያሳፍራል፤ እውነት ስለሆነ ግን ከዚሁ እጀምራለሁ።

ንባብን የወደድኩት ደነባ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ የደነባ ደብር ቄስ ሲሆኑ፣ ከጸሎት መጻሕፍታቸው ሌላ መጀመሪያውም መጨረሻውም የጠፋ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ነበራቸው። ፊደል ለይቼ ቃል መግጠም እንደ ጀመርኩ ያንን መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የግዕዙ ግማሽ ሳይገባኝ፣ የነገሥታቱንና የመንገደኞቹን ነገር ሳሰላስል እውል ነበር። ከዚያ ንባብ ቤት ገባሁ። እዚያ ዋናው ነገር ድምፅ ነው፤ የትኛው ቃል ይነሣል፣ የትኛው ይወድቃል፣ የትኛው ላይ ይጠብቃል። የሚነሣውን የጣለ ጆሮውን ይቆነጠጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም የማያርመኝ አንባቢ ሆንኩ። ይሁን እንጂ አንድ ገጽ እንደ ጨረስኩ ስለ ምን እንደሚናገር ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሐምሌ ሲገባ ጓደኞቼ ቤተሰባቸውን በእርሻ ለማገዝ ወደየአገራቸው ሄዱ። እኔ ወንዞቹ ስለሞሉ ወደ ደነባ መሻገር አልቻልኩም። የኔታ ሥራ ፈትቼ መቀመጤን አልወደዱትምና ከገደሉ አፋፍ ላይ ወደሚኖሩ አንድ ጸሐፊ መሪጌታ ላኩኝ።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ ብዙዎቹ የአንኮበር ጸሐፊዎች ተከትለውት ሄደዋል። እኒህ መሪጌታ ግን ቀርተዋል። ረዳታቸው እንኳ ጥሏቸው ሄዷል። በእጃቸው ያለው ሥራ ደብረ ብርሃን አካባቢ ላለ አንድ ደብር የሚገለበጥ ረጅም የታሪክ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከመስቀል በፊት ማለቅ ነበረበት።

«የደነባው፣ ዓይንህ እንዴት ነው?» አሉኝ ገና ከበር ስገባ።

«ደኅና ነው መሪጌታ።»

«ትዕግሥትህስ?»

«እሱም ደኅና ነው።»

«ሁለቱንም እናያለን።»

ሥራዬ ማረም ነበር። ጸሐፊ የጻፈውን ራሱ ሲያርም፣ እጁ የሳተበት ላይ ዓይኑም ያልፈዋል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የአሮጌው መጽሐፍ ስፌት ተፈትቶ ጥራዝ ጥራዙ ለብቻው ሆኗል። መሪጌታ አንዱን ጥራዝ ገልብጠው ሲጨርሱ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ይሰጡኛል። እኔ ብርሃን በሚገባበት በበሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ የግራ እጄን ጣት በአሮጌው ላይ፣ የቀኝ እጄን ጣት በአዲሱ ላይ አድርጌ ቃል በቃል አስተያያለሁ። ጥራዙ ልክ ከሆነ ከመጨረሻው ቅጠል ግርጌ ትንሽ ነጥብ አኖራለሁ። ያች ነጥብ ካለች መሪጌታ ጥራዙን ሁለተኛ አያዩትም።

ስምምነታችንንም በመጀመሪያው ቀን ነገሩኝ። ደብሩ መጽሐፉን ያለ ነቀፋ ከተረከበ፣ ከቅኔው ጎን ለጎን ብራና ማዘጋጀትንና ቁም ጽሕፈትን ሊያስተምሩኝ፤ ከተነቀፈ ወደ የኔታ ልመለስ። ቁም ጽሕፈት መማር ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነበር። እንዲያውም ከቅኔው ይልቅ እሱን እንደምፈልግ ለየኔታ ደፍሬ አልተናገርኩም እንጂ በልቤ አውቀዋለሁ።

የአንኮበር ክረምት ጉም ነው። ጠዋት ከገደሉ ሥር ይነሣል፣ በበሩ ይገባል፣ ምሰሶውን ዞሮ በጣራው ይወጣል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ብራና እርጥበት ስለሚጠጣ ጠርዙ ይጠቀለላል። ከምድጃው በጣም ቢቀርብ ይኮማተራል፣ በጣም ቢርቅ ይሻግታል። የመሪጌታ ባለቤት ጥጥ የሚፈትሉት በዚያው በምድጃው አጠገብ ነበር። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። አራተኛው ቀን ላይ እንዝርታቸውን አቁመው ትክ ብለው አዩኝ።

«ከንፈርህ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ምን ይላል?»

«እያረምኩ ነው እትዬ።»

«ማረምህንማ አይቻለሁ። መጽሐፉ ምን ይላል ነው ያልኩህ።»

ሁለት ጥራዝ ሙሉ፣ አንድም ፊደል ሳልስት ጨርሻለሁ፤ ውስጡ ማን እንዳለ ግን አላውቅም።

«እንግዲህ ይኼን ሁሉ ቀን ከማን ጋር ነው የዋልከው?» አሉኝ።

አፍሬ ወደ መጀመሪያው ጥራዝ ተመለስኩ። ግዕዙን እያነበብኩ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው። የአንድ ባለ መርከብ ልጅ ናት፤ ወንድሟን የባሕር ወንበዴዎች ወስደውባታል። ልትፈልገው ስትነሣ የሚያሻግራት አጣች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ እሺ አላት። ነገር ግን ሽማግሌው ድሮ ከወንበዴዎቹ ጋር ይውል እንደነበር ሰምታለችና ጀርባዋን አትሰጠውም። ጀልባው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ቢላዋ በቀሚሷ ሸሽጋ ትጠብቀዋለች።

እዚያ ላይ እንደ ደረስኩ እትዬ እንዝርቱን ረስተውት ነበር። እኔም ጣቴን ረስቼው ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም። ግን በበሩ በኩል ገደሉን የሞላው ጉም ነጭ ሆኖ ተንጣልሎ ስለነበር፣ ያች ጀልባ በእሱ ላይ ስትሄድ ታየችኝ። ንባብ ቤት ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶኝ አያውቅም። ቃሉ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አርማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ያረምኩትን ለእትዬ እተርካለሁ። መሪጌታ ከጥግ ሆነው ያንጎራጉራሉ።

«ቤቴን የተረት ቤት አደረጋችሁት።»

«አንቱም ብዕርዎ ከቆመ ቆይቷል» ይሏቸዋል እትዬ።

«ቀለም እየጠበቅኩ ነው።»

«ቀለሙማ ደረቀ።»

ነሐሴ ሲገባ የእኔ ጥድፊያ ባሰ። ልጅቱ ወንድሟን ታገኘው እንደሆነ ለማወቅ ቸኮልኩ። አሮጌው መጽሐፍ ጢስ የጠገበ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ነው፤ አዲሱ ግን ጥቁርና ጎላ ያለ ስለሆነ ዓይን አያደክምም። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ለታሪኩ ብዬ አነበዋለሁ፣ ከዚያ ከአሮጌው ጋር አስተያያለሁ። ለጥቂት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ስድስተኛው ጥራዝ ላይ ግን አሮጌውን ጭራሽ ከሚቀመጥበት የቆዳ ማኅደር አላወጣሁትም። እርጥበት እንዳይነካው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አዲሱን በአንድ ትንፋሽ አነበብኩና ነጥቤን አኖርኩ።

ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ስተርክ አንድ ቦታ ላይ አቆሙኝ።

«ቆይ፤ ሽማግሌው እጁ በጨርቅ ታስሯል አልክ። ምን ሆኖ?»

እኔም ሳነብ ይኼው ገርሞኝ ነበር። ነገር ግን አላውቅም ማለት ከበደኝ።

«እሾህ ወግቶት ነው» አልኩ።

«ባሕር ላይ?»

«ዳር ላይ ሲወርዱ።»

«ልጅቱስ? ትናንት በቢላዋ ስትጠብቀው አልነበረም? ዛሬ ምን አግኝታ ነው አባቴ የምትለው? እሾህ የወጋውን ሁሉ አባቴ ትላለች?»

መሪጌታ ከጥጋቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ ግን አልሳቁም።

የቀሩት ሁለት ጥራዞች በሳምንት ውስጥ አለቁ። መሪጌታ የሽፋኑን እንጨት ጠርበው፣ የስፌቱን ክር አዘጋጅተው በማግሥቱ ሊሰፉ ተነሡ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ከቀትር በኋላ ለቅዳሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ የእትዬ ጥያቄ ሲከነክነኝ በመሰንበቱ የአሮጌውን ስድስተኛ ጥራዝ ከማኅደሩ አወጣሁት።

አንድ ዓምድ ሙሉ ጎድሏል። ሁለት ተከታታይ ዓምዶች በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚጀምሩ የመሪጌታ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሏል። እንዲህ ያለውን መዝለል ሊይዝ የሚገባው የእኔ ጣት ነበር። በጎደለው ዓምድ ውስጥ ጀልባው ከዓለት ጋር ሊላተም ሲል ሽማግሌው ገመዱን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ገመዱ መዳፉን እስከ አጥንቱ ይቆርጠዋል። ልጅቱ ይህንን አይታ ቢላዋዋን ወደ ባሕር ትጥለዋለች።

ለእትዬ አነበብኩላቸው።

«እሾህ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«አላውቅም ብትለኝ ምን ነበረበት? አየህ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። የምትለኝን ነው የማምነው።»

ከዚያ ሁሉ ነገር ይህ ቃል ነው የበለጠ የተሰማኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ መሪጌታ ነጥቤን አምነው ይሰፋሉ፣ ደብሩም ይረከባል፣ እኔም ጽሕፈቴን እማራለሁ። ከእኛ በኋላ የሚያነቡ ሁሉ ግን ያ ሰው እጁ ለምን እንደታሰረ ሳያውቁ ይቀራሉ።

«መርፌው ሳይገባ ንገራቸው» አሉኝ እትዬ።

መሪጌታ እንደ ተመለሱ ሁለቱን ጥራዞች ፊታቸው አኖርኩ። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ነጥብህ አለበት።»

«አለበት መሪጌታ።»

«አሮጌውን ከማኅደሩ አውጥተኸው ነበር?»

«አላወጣሁትም።»

አልተቆጡም። ወደ በሩ ሄደው ወደ ጉሙ ተመለከቱ። ሌላ ብራና የለም፤ ያለው ሁሉ በበጋ የተዘጋጀ ነበር፣ አልቋል። ቆዳ ተወጥሮ እስኪደርቅ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ደግሞ ከመስከረም በፊት አትገኝም። ስለዚህ ቅጠሉን አውጥቶ እንደገና መጻፍ አይቻልም። ያላቸው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በቦታው ላይ ምልክት አድርገው፣ የጎደለውን በግርጌው ኅዳግ በደቃቅ ጽሕፈት ጻፉት። ኅዳግ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ጉድለት እንደነበረ ለሚያይ ሁሉ ይናገራል።

«አንድ ከዘለልን ሌላም ዘለን ይሆናል» አሉ ብዕራቸውን እየጠረጉ። «ስምንቱንም እንደገና። አንተ አሮጌውን ጮኸህ ታነባለህ፣ እኔ አዲሱን እከተላለሁ። አንቺም ስሚ።»

ስድስት ቀን ፈጀብን። ከሁለት ተራ ቃላት በቀር የጎደለ አላገኘንም። ታሪኩን ዳግመኛ ስጀምር መጨረሻውን አውቀው ስለነበር መቸኮሉ ቀረልኝ፤ በመጀመሪያው ንባብ ያላየሁትን ብዙ ነገር አየሁ። ለምሳሌ ሽማግሌው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ቢላዋ መሸሸጓን ያውቅ ነበር።

መጽሐፉን ያዘዘው ደብር ቄስ ገበዝ በጳጉሜን በበቅሎ መጡ። ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ተቀብለው የሽፋኑን ድጉስ ቆዳ ዳሰሱ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጡ። ስድስተኛው ጥራዝ ላይ ቆሙ።

«ይህ በኅዳግ ያለው ምንድን ነው?»

መሪጌታ ወደ እኔ አዩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ» አልኩ። «ሳላስተያይ ነው ያለፍኩት።» የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ሌላ ቦታ እንደዚህ የጎደለ አለመኖሩን በምን አውቃለሁ?»

እትዬ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«እኔን ይጠይቁኝ አባቴ። አንቱ መጽሐፉን ይያዙ፤ እኔ ልናገር።»

ቄስ ገበዝ ፈገግ አሉ፤ ለወጉ ያህል ነበር የያዙት። እትዬ ከባለ መርከቡ ቤት ጀመሩ። ሲጀምሩ ጠዋት ነበር። ልጅቱ ቀዛፊ ስታጣ፣ ሽማግሌው እሺ ሲላት፣ ቢላዋው ሲሸሸግ፣ አንድም ሳይዘሉ ተናገሩ። ቄስ ገበዝ መጀመሪያ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ይፈትኗቸው ነበር። ቆይተው ጣታቸው አንድ ቅጠል ላይ ቀረ። በቅሏቸው ውጭ ዝናብ ሲመታት ልብ አላሉም።

«እዚህ ላይ ገመዱ መዳፉን ቆረጠው» አሉ እትዬ። «ከግርጌ የተጻፈው ይኼ ነው።»

ቄስ ገበዝ ፈልገው አገኙት፤ ዝቅ ብለው አነበቡት።

«ይህ ባይገባ እኮ ልጅቱ አታምነውም ነበር» አሉ ለራሳቸው።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ እትዬ።

እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ መጽሐፉን በማኅደሩ ከትተው ተነሡ። «ኅዳጉ አላማረኝም፤ ይህን ለደብሩም እናገራለሁ» አሉ ለመሪጌታ። «ግን ሙሉ ነው። ተረክቤአለሁ።»

በቅሎዋ ከዓይን ስትርቅ መሪጌታ ወደ ውስጥ ተመለሱ።

«ያለ ነቀፋ አልተረከቡም» አሉኝ።

«አዎ መሪጌታ።» ይህን ስለጠበቅሁ ደበሎዬንና አቁማዳዬን አንሥቼ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ወደ የኔታ።»

«እሳቸውን ማታ ታገኛቸዋለህ። የመስከረም ፀሐይ እንደ ወጣች ቆዳ ይመጣል፤ የሚወጥርና የሚፍቅ ሰው ያስፈልገኛል። ዓመት ሙሉ ብዕር አትነካም። ትፍቃለህ፣ ታርማለህ፤ ስታርም ደግሞ እሷ ተቀምጣ ትሰማለች።»

«ቀጣዩ ምን መጽሐፍ ነው?» አሉ እትዬ።

«የሕግ መጽሐፍ።»

«እንግዲያስ ሌላ የሚሰማ ፈልጉ።»

አሁን ጥር ነው። እጄ ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ እስካሁን አሥራ አንድ ብራና ፍቄአለሁ፣ ሁለቱን በስቼ አበላሽቻለሁ። የሕግ መጽሐፉ ሦስተኛ ጥራዝ ላይ ደርሰናል። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ድንበር የሚካሰሱበትን ክፍል እትዬ ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል፤ ፍርዱ ልክ አይደለም ይላሉ።