የሚያፈስ ቅርስ

ለማስተርስ ጥናቴ ከጉርድ ሾላ ጀርባ ያለ አንድ አሮጌ ቤት በቅርስነት እንዲመዘገብ ስሟገት ከረምኩ። ተመዘገበ። የቤቱ ባለቤት እማማም መረቁኝ።

ክረምት ሲገባ፣ ከሥራ መልስ፣ እግሬን እየጎተትኩ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሳሎኑን ሳፋና ባልዲ ሞልቶታል፤ ጣሪያው ያፈሳል።

«ቆርቆሮውን ላስቀይር ብል፣ ቅርስ ነው፣ አይነካም አሉኝ። ፈቃድ ፍለጋ ስመላለስ ይኸው ክረምቱ ገባ» አሉኝ።

«ጣሪያው እንዳይነካ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። አማካሪዬ ከሁሉም አብልጦ የወደደው ያንን ገጽ ነበር። ስጽፈው ዝናብ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝም አላለኝ።

«ማመልከቻ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው፣ ድምፄ ለራሴም ሰልችቶኝ።

«መጻፉን ተወው ልጄ» አሉ፣ ሳፋውን ከጠብታው ሥር እያስተካከሉ። «ይልቅ ያ ባልዲ ሞልቷል፣ ድፋልኝ።»