ቴሌክሱ ላይ የመጣው 04/02

ጋሼ አለምብርሃን ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ስለሳቸው ዝም ብል ደስ አይለኝም።

ድሬ ዳዋ ባቡር ጣቢያ ቴሌክስ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሰሩ። ማሽኑ የፈረንጅ ፊደል እንጂ የኛን አያውቅም። ስለዚህ "ሸ" በፈረንጅ በምን ይጻፋል፣ "ጠ" በምን፣ ሁሉንም በደብተር ጽፈው ይዘዋል። በደብተሩ ጀርባ ደግሞ የኛ ወር፣ የፈረንጅ ወር፣ የሂጅራ ወር ጎን ለጎን። "ወር በስሙ ነው የሚጻፈው፣ በቁጥር አይደለም" ሲሉ ሰው ይስቅባቸው ነበር።

በጥር 77 ቀኝ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ሰማታር ሐኪም አገኘልኝ፣ ቀጠሮውን በቴሌክስ ላከ። 04/02 ይላል። ወረቀቱን የሰጠኝ ሌላ ሰራተኛ ነው፣ ጋሼ የዛን ቀን አልነበሩም። በማግስቱ የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ።

የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ነጋ አየና ሳቀ።

"አንቺ ፋርቱን፣ ይሄ እኮ ጥቅምት አራት ነው። ሶስት ወር አልፎታል! ባቡሩን ወደ ኋላ እንንዳልሽ?"

ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፣ እኔም አመንኩት። ዓይኔ አለቀለት ብዬ እያለቀስኩ፣ ሌላ ቀጠሮ ላስጠይቅ ጣቢያ ሄድኩ። ጋሼ ገብተው ነበር።

"ምን ያስለቅስሻል?"

"ቀጠሮዬ አለፈ ጋሼ።"

ወረቀቱን አዩት። "አላለፈም አቦ! ይሄ የነሱ ቁጥር ነው። ፌብሩዋሪ አራት፣ በኛ ጥር ሃያ ሰባት። ገና አስር ቀን አለሽ።"

"ወላሂ በሉኝ!"

"ቆይ፣ በግምት አልልክሽም።"

ጅቡቲን ጠየቁ። መልሱ እንዳሉት ሆኖ መጣ፣ ወሩ በስሙ ተጽፎ። ምሳቸውን ትተው በዛ ፀሐይ ቀበሌ ድረስ አብረውኝ መጡ። ነጋ አነበበ፣ አፈረ። "በሉ፣ ባቡሩ ወደ ፊት ይሂድ" ብሎ ማህተሙን መታ።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። ይለፉ በአማርኛ ብቻ ስለሆነ ስሜንና ቀኑን በብጣሽ ወረቀት በፈረንጅ ፊደል ጽፈው አያያዙልኝ። ድንበር ላይ የጅቡቲው ፖሊስ እሷኑ አንብቦ አሳለፈኝ።

ዓይኔ ዳነ። ይሄን ስጽፍ መነጽር እንኳን አላደረግኩም። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሰኔ 8 ቀን 1979፣ በነሱ ጁን 15 ቀን 1987። የሂጅራውን እርስዎ ይሙሉልኝ፣ ደብተሩ እርስዎ ጋ ነው።