ይተኛል ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም፣ ለሸሁም፣ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ከአርዲቦ እስከ ሐይቅ ገበያ አፉ አያርፍም የምባል ሰውዬ፣ ጥርሶቼ ጥለውኝ ሲሄዱ እንኳ ምላሴ ከሥራው ያልወጣው እኔ፣ ይህችን አንዲት ነገር ዋጥኳት።

ይማም አብሮ አደጌ ነው። በድሮው ጦር ብዙ ዓመት ተዋግቶ ተመለሰ። በደቦ አጨዳ ላይ ከኋላው ሆኜ እንደ አዛዥ «ተኛ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱ ማጭዱን ጥሎ በደረቱ መሬት ላይ ይለጠፋል። ደቦው በሳቅ ያልቃል። እሱም አቧራውን እያራገፈ ይስቃል። የሚስቅ ሰው አይታመምም ብዬ ነበር? እንጃ። ሳቁን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ግን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና፣ «ሰይዶ፣ ወላሂ እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔን ስከድን እዚያው ጦሩ ውስጥ ነኝ» አለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቀድሞ ወታደሮችን ልትመዘግብ ነው፤ የባሰባቸው ደሴ ሄደው ይታከማሉ መባሉን ሰምቷል። «እኔ ሰው ፊት አልችልም። አንተ አፍ አለህ፣ ንገርልኝ።»

«አብሽር» አልኩት።

ሠራተኛዋ ልጅ ልትመዘግብ መጣች፤ ከመስጊዱ አጥር ሥር ተሰበሰብን። የይማም ተራ ሲደርስ እኔን አየ። እሷም ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ጋሽ ይማም በደንብ ይተኛሉ?» አለች።

ይህን ቃል ለእኔ ማቀበል! የመንደሩ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። የይማምም ዓይን።

«ይማም? ኧረ ልጄ፣ ተኛ ካሉት ገደል አፋፍ ላይም ይተኛል!»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጅቱ ለመንደሩ እንግዳ ናት፣ የደቦውን ቀልድ ከየት ታውቀው? «በደንብ ይተኛል» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶዋ ሲሄድ አይቻለሁ። «ቆይ ልጄ፣ ቀልዴን ነው» ማለት አራት ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ የምቀባጥር ሰው አራት ቃል አጣሁ? አላጣሁም። ሳቁ እንዳይቋረጥብኝ ነው። በማግስቱስ ጤና ኬላ ሄጄ ማስተካከል አልችልም ነበር? እችል ነበር። አልሄድኩም።

ሌሎቹ ደሴ ሄዱ። ይማም ቀረ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖረ። በመጨረሻ፣ ሚስቱን ዘይነባን ጉሮሮዋን ይዞ ስለነቃ፣ እንዳይገድላት ፈርቶ ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ ለብቻው ወጣ። እኔ የደነገጥኩት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የት ነበርኩ? ደቦ ላይ፣ ሰው እያሳቅኩ።

ዘንድሮ ሐይቅ ከተማ ለዚህ ሕመም የተማረ ሐኪም መጣ ሲሉኝ ይማምን በባጃጅ ወሰድኩት። ሐኪሙ፣ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ሳይመጡ ቀሩ?» አለው።

ይማም እጁን እያየ፣ «የሚናገርልኝ ሰው አልነበረኝም» አለ።

ጉልበቴ ጉልበቱን ነክቶት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

መድኃኒት ጀምሯል፤ በየወሩም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። ጥቂት ጥቂት ይተኛል። ወደ ዘይነባ ግን ገና አልተመለሰም። ቀልድ እንዳይመስለው ብዬ ነው እውነቱን ያልነገርኩት እንዳልል፣ እሱም ሌላ ቀልድ ነው። አፍሬ ነው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ከእናንተ የወሰድኩት እንቅልፍ የለም።