በመስታወቱ ላይ የሚቀረው ክብ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለመፈረም ብቻ ነበር። አሁንም የምጽፈው መናገር ስላቃተኝ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ሻይ ይዘው ሲቆሙ፣ ጫማ ውስጥ ስለተገኘችው የመኪና መንገድ መሪ፣ ስለ ሳትናቭ፣ እያነሡ ይሳሳቃሉ። ክፋት የለባቸውም። እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። አንድ ሁለቴ፣ እንዲህ አይደለም የሆነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ግን ቃሉ ጠፋብኝ። እንግዲህ በወረቀት ይሁን።

የአክስቴ ባል ሹፌር ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ለንደን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ በዕድሜ ሲገፉ ደግሞ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ካለ የሐበሻ ሱቅ እንጀራና በርበሬ እየጫኑ ለሌሎች ሱቆች ማከፋፈል ጀመሩ። አክስቴ ካረፈች በኋላ በቤቱ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እሄድና ካርቶኑን አወርዳለሁ። የቤቱ ኪራይም፣ የምንበላውም ከዚሁ ነበር።

በደኅናው ጊዜ ካርታ አይነኩም ነበር አሉ። አክስቴ እንደምትነግረኝ፣ ወጣት ሹፌሮች መንገድ ሲዘጋባቸው ደውለው በየት ልውጣ ይሏቸዋል፤ እሳቸው ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ በዚህ ግባ፣ በዚያ ታጠፍ እያሉ ያወጧቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሳትናቭ ገዙ። የፊት መስታወት ላይ የምትለጠፍ፣ በእንግሊዝ ሴት ድምፅ መንገድ የምትመራ ትንሽ ዕቃ ናት። ለሰው የሚሰጡት ምክንያት ዓይኔ ደክሟል የሚል ነበር። እኔ ግን ከጎናቸው ነኝ። ዓይናቸው የሩቅ መኪና ታርጋ ያነባል። መብራት ላይ ቆመን፣ አረንጓዴ በርቶ፣ ከኋላችን ጥሩምባ እየተነፋብን፣ እሳቸው መሪውን እንደያዙ ወዴት እየሄዱ እንደነበር ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ሳትናቯ ወደ ግራ ታጠፉ ትላለች። ፍሬቻ ያበራሉ፤ ፊታቸውም ተመልሶ የሹፌር ፊት ይሆናል።

"ተናጋሪዋ" ብለው ስም አወጡላት። እሷ ካለች ሥራ አለ፤ ሥራ ካለ ሰው ናቸው። ይህን በግልጽ ተነጋግረን አናውቅም። ሁለታችንም ግን እናውቀው ነበር፤ ስለዚህ እሷን መጠበቅ የኔ ሥራ ሆነ።

የመጀመሪያዋ የተሰረቀችው ክሮይደን ሰፈር ነው። ካርቶን አስገብተን ስንመለስ የጎን መስታወቱ ወንበሩ ላይ ተበትኖ አገኘነው። ጋሼ ሳትናቯን ዳሽቦርድ ውስጥ ደብቀዋት ነበርና ሌባው እንዴት እንዳወቀ ግራ ገባቸው። መስታወት ሊገጥም የመጣው ሰውዬ በጣቱ የፊት መስታወቱን አሳየን። መያዣዋ የተለጠፈችበት ቦታ ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። ሌባ የሚፈልገው ዕቃውን ሳይሆን ያንን ክብ ነው አለን፤ ክቡን ካየ ዕቃው መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው።

የጋሼ ልጅ፣ ባተርሲ የሚኖረው፣ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

"ዳዲ፣ ስልክህ ላይ እኮ አለ። ይህን አሮጌ ዕቃ አሁን ማን ይሰርቃል?"

"ሌባው አሮጌ መሆኗን ማን ይንገረው?" አሉት።

ስልኩን ሞክረነዋል። ድልድይ ላይ እየሄድን ሰው ደወለና ካርታው ጠፋ፤ ጋሼ እዚያው ድልድዩ ላይ መኪናውን አቆሙት። ከዚያ በኋላ ስልኩን እንደ እባብ ነበር የሚያዩት። ፈልገው ፈልገው ያችኑ ዓይነት ሳትናቭ፣ ያንኑ ድምፅ የምታወጣዋን፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዙ። የሱቆቹን አድራሻ አንድ በአንድ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ፊደል እየለቀምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንቆም ሁሉ ሳትናቯን ከነመያዣዋ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ ከዚያ ክቡን አጠፋለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ትንሽ የዕቃ ሳሙና አድርጌ እፈትገዋለሁ፣ በደረቅ ጋዜጣ እወለውለዋለሁ። ከውጭ ዞሬም አያለሁ። ብርድ በሆነ ጠዋት ግን ትንፋሻችን መስታወቱን ጉም ሲያለብሰው ክቡ ተመልሶ ይወጣል። ጠፋ ያልኩት ሁሉ አልጠፋም ነበር። ጋሼ ያዩኝና፣ "ተዪው፣ ሌባም እኮ በብርድ ይተኛል" ይሉኛል።

ልጃቸው ስቆ ሲያበቃ አንድ ምክር ሰጥቶን ነበር። "ቤት" በሚለው ቦታ ላይ የገዛ ቤታችሁን አታስገቡ፤ ሌባው ከወሰዳት በራችሁ ድረስ ትመራዋለች አለ። እውነቱን ነው። በኛ በር ፈንታ ከጀርባችን ባለው መንገድ ላይ ያለውን ላውንደሪ ቤት አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤታችን ያለው ትንሽ ነው፤ መታጠፍና መድረስ ነው።

አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ጋሼ ብቻቸውን ወጡ። ሲዘገዩብኝ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ። መኪናው ላውንደሪው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ውስጥ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በሩን ስከፍት አልደነገጡም። ቀስ ብለው፣ "ደርሰሃል ትለኛለች" አሉኝ፣ "ቤቱ ግን የለም።"

ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩና በእጄ መንገዱን አሳየሁ። ለልጃቸው አልነገርኩም። ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም ነበር፤ ደግሞም ከነገርኩት የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ከሌባ ልጠብቃቸው ብዬ የቀየርኩት አድራሻ የገዛ ቤታቸውን እንደሸሸገባቸው ግን በዚያ ሌሊት ስገላበጥ ገባኝ። ማግስቱን የኛን በር አስገባሁ። ሌባው ይምጣ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጫማው ልመለስ። እሁድ እሁድ ሳትናቯ በኔ ቦርሳ ቤተ ክርስቲያን ትገባ ነበር። አንድ እሁድ ሳላጠፋት ቀርቼ ኖሮ፣ ሕዝቡ ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከቦርሳዬ ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ ሲመችህ ዞረህ ተመለስ አለች። ደግማም አለች። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠርተው ገሠጹኝ። አንድ ሽማግሌ ግን፣ "ምን አጠፋች? ቄሱም እኮ ሁልጊዜ የሚሉን ተመለሱ ነው፤ እሷ በእንግሊዝኛ አለችው እንጂ" ብለው ሰውን አሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። ተናጋሪዋ ዳግመኛ መቅደስ አትገባም አሉ።

መኪና ውስጥ አትቀመጥ፣ መስታወቱ ይሰበራል። ቤት አትቅር፣ ያለ እሷ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አንደርስም። ጋሼ ራሳቸው መላ አገኙ። እንደምታውቁት ስንገባ ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን። ሳትናቯን በካልሲ ጠቅልለው ጫማቸው ጫፍ ውስጥ ወሸቋት። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ፣ ሰው ቢወስዳትስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ከደጀ ሰላም ጫማ የሚሰርቅ ሐበሻ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

አላየሁም። ብዙ እሁድም እንዳሉት ሆነ። ወንዶች በአንድ በር፣ ሴቶች በሌላ በር ስለምንገባ፣ እሳቸው ጫማ ሲያወልቁ እኔ አላያቸውም። ስንወጣ ግን ደረጃው ሥር ካልሲውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ።

አንድ የበዓል ቀን ሕዝቡ በዝቶ ጫማው ከመደርደሪያው አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። ስንወጣ ጋሼ ጫማቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ባዶ ነው። አንዱን ያራግፋሉ፣ ሌላውን ያራግፋሉ፣ እንደገና የመጀመሪያውን ያራግፋሉ። ሰው ተሰበሰበ። ከኮሚቴው አንዱ ማይክራፎን ይዞ፣ ከጫማ ውስጥ የጠፋ ንብረት አለ፣ ያገኘ ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ ይመልስ አለ። ከዚያ የሰው ዓይን ቀስ በቀስ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ በቅርቡ ወደ አገሩ ወደ ገቡት፣ ጥገኝነት ጠይቀው መንግሥት ሆቴል ውስጥ ወዳስቀመጣቸው ልጆች ዞረ። አንደኛው ማንም ሳይጠይቀው የጃኬቱን ኪሶች ገልብጦ አሳየ። ጋሼ ይህን ሲያዩ፣ ተው ልጄ፣ ተው አሉትና ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

ያን ቀን ልጃቸው መጥቶ መኪናችንን ነድቶ ወደ ቤት ወሰደን። ለሱቁ ጋሼ ታመዋል ብዬ ደወልኩ። ሳምንቱን ሙሉ መኪናው በር ላይ ቆሞ ጋሼ በመስኮት ሲያዩት ሰነበቱ። በዚያ ሳምንት የሚያወሩት የድሮ መንገዶችን ስም ብቻ ነበር። እኔ ማታ ማታ ስልክ ላይ ያችኑ ዓይነት ሳትናቭ እፈልጋለሁ። ያችን ዓይነት መሥራት አቁመዋል።

በሚቀጥለው እሁድ ልጃቸው አመጣን። ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማናውቃቸው ጎልማሳ ሰው ፌስታል ይዘው መጡ። ባለፈው ሥራ ስለሚገቡ ቅዳሴው እንዳለቀ ሮጠው ነው የወጡት፤ የተነገረውን አልሰሙም። ቡትሳቸውን ሲያጠልቁ ጣታቸውን የነካቸውን ነገር የሕፃን ልጃቸው መጫወቻ መስሏቸው ኪሳቸው ውስጥ ከትተውት ነበር። ከፌስታሉ ውስጥ ሳትናቯን ከነካልሲዋ አወጡ።

"ጋሼ፣ በኔ ቡትስ ውስጥ ያስቀመጧት ሥራ እንዳይረፍድብኝ ብለው ነው?"

ሁሉም ሳቀ። ሆቴል የሚኖረው ልጅ እንኳ ሳቀ፤ ከሁሉ ይልቅ የሱ ሳቅ ደስ አለኝ። ጋሼም ሳቁ፤ ግን ከሰው በኋላ፣ ሰው መሳቁን አይተው። እኔ የሰውዬውን እግር ነበር የማየው። ቡትሱ ቡናማ፣ እስከ ቅልጥም የሚደርስ፣ ጭቃ የነካው ነው። የጋሼ ጫማ ጥቁር ነው፣ አጭር፣ ሁልጊዜ የተወለወለ። አንድ ሰው ጫማውን ከሰው ጫማ ጋር ሊያምታታ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ግን ማንም አያምታታም።

ቀና ስል ልጃቸውም ያንኑ እግር እያየ ነበር። እሱ አልሳቀም። ደረጃው ላይ አስቀረኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ።

"አንቺ አብረሽው ነሽ ኤቭሪ ዴይ። ሰው ቢገጭስ? አስበሽዋል?"

አስቤዋለሁ። መብራት ላይ በቆምን ቁጥር አስቤዋለሁ። ግን ዝም አልኩ፤ እሱም ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው። ልክ ነበር።

የመኪናውን ቁልፍ ያን ዕለት ወሰደው። ጋሼ አልተከራከሩትም፤ ነገሩ ግን ያሰብኩትን ያህል ቀላል አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ተነሥተው፣ ለብሰው፣ ጫማቸውን አሥረው በር ላይ ይቆማሉ። ሐኪም አያቸው፤ መንጃ ፈቃዳቸው ለመንግሥት ተመለሰ። ሱቁ ሌላ ሹፌር ያዘ። ኪራዩን መክፈል ስላልቻልን ቤቱን ለቀቅን። ልጃቸው ወደ ባተርሲ ወሰዳቸው፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እኔን የሚያሳድርበት ቦታ አልነበረውም፤ ይቅርታ ጠየቀኝም። አሁን ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅት ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖራለሁ፣ ቢሮ አጸዳለሁ። ሳትናቯ እኔ ጋ ናት። ማንም አልፈለጋትም፤ ሌባም ቢሆን።

ሁሌ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ስሜን ይጠሩኝ ነበር። ቆይቶ በአክስቴ ስም ጠሩኝ፤ አላረምኳቸውም። በኋላ ስም መጥራት ተዉ፤ ግን እጄን ይይዙኝ ነበር። አሁን ሆስፒታል ናቸው፤ መናገር ካቆሙ ሰንብተዋል። ሐኪሞቹ ለልጃቸው የነገሩትን እሱ ለኔ ሲነግረኝ ግማሹን በእንግሊዝኛ ስለነገረኝ ሁሉንም አልተረዳሁም። ፊቱን አይቼ ግን የሚበቃኝን ያህል ተረድቻለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያናገሩኝ ገና ልጃቸው ቤት ሳሉ ነው። መንገድ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ታች መኪናው ተሰልፎ ይሄዳል። ወንበር ስቤ ከጎናቸው፣ በግራቸው በኩል፣ መኪና ውስጥ እቀመጥበት በነበረው ወገን ተቀመጥኩ። መንገዱን አብረን አየን። ከዚያ ወደኔ ዞር አሉ፤ ተሳፋሪ እንደሚያስተናግድ ሰው በትሕትና ፈገግ ብለው፣

"እመቤት፣ ይቅርታ፣ ወዴት ነው የማደርስዎት?" አሉኝ።