ባሕር በሌለበት አገር የጠበቅኩት ማዕበል

ልጄ አሁን የምትኖርበትን ደሴት በካርታ ላይ ለማግኘት መነጽር ያስፈልገኛል። ሆስፒታል አብሯት ይሠራ የነበረ ፊሊፒናዊ ነርስ አገባች፤ እናቱ ሲታመሙ ሁለቱም ሊያስታምሟቸው ሄዱ። «ለትንሽ ወራት ነው» አለችኝ። እናትን ማስታመም ጽድቅ ነውና አልከለከልኳትም። ትንሹ ወራት ግን ዓመት አለፈው።

እኔ ጋ ሲመሽ እሷ ጋ የማግስቱ ረፋድ ነው። ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታው ሁለት ቦታ ያሳያል፤ ከላይ እኔ በስደት የምኖርባት ከተማ አውሮራ፣ ከታች የእሷ ደሴት። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው የታችኛውን ነው። እዚያ ከዘነበ፣ እዚህ ፀሐይ ብትወጣም ጃንጥላዬን መያዝ ያምረኛል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የማወራው ሰው ስለሌለ፣ የልጄን ዝናብና ፀሐይ መከታተል እንደ ወሬ ሆኖልኛል።

ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም። የማውቀውን ያወቅኩት ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ፣ የኤርፖርት ሻትል ስነዳ መንገደኛ በምጠብቅበት ሰዓት አንብቤ ነው። ሰው የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ ሊያጠናው ይገባል እላለሁ። ስለዚህ ልጄ ከሄደች በኋላ ታይፎንን አጠናሁ።

ታይፎን ሲጀምር ምንም አይመስልም። ማንም በማይኖርበት ሰፊ ውቅያኖስ ላይ የተበታተነ ደመና ነው። የሞቀው ባሕር እንፋሎቱን ወደ ላይ ይሰዳል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ከሥሩ ያለው አየር ይሳሳል፤ የሳሳውን ለመሙላት ከየአቅጣጫው ነፋስ ይሮጣል። ምድር ስለምትዞር ግን ነፋሱ ቀጥ ብሎ አይደርስም፤ ይጠመዘዛል። ባሕሩ እስከሞቀለት ድረስ እየበላ ያድጋል። ቂምም እንዲሁ ነው፤ የሞቀ ልብ ካገኘ አይከስምም። ይህን ለልጄ በስልክ ስነግራት «አባዬ፣ ደግሞ ስብከት ጀመርክ» አለችኝ።

ባለፈው ኅዳር የመጣውን ገና ስም ሳይወጣለት አየሁት። በሳተላይቱ ፎቶ ላይ መጀመሪያ እዚህም እዚያም የተጣለ ነጭ ነገር ነበር። በማግስቱ መዞር ጀመረ፤ እናቶቻችን ባዘቶውን በእንዝርት ሲፈትሉት እንደሚጠቀለለው ይጠቀለል ጀመር። ከዚያ መሐሉ ላይ ዓይን አወጣ። ዓይን ያወጣ ታይፎን በርትቷል ማለት ነው። አፍንጫው ወደ ልጄ ደሴት ዞሯል።

ደወልኩላት።

«ዓይኑ እናንተ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ጸጥ ይላል» አልኳት። «አለቀ ብላችሁ እንዳትወጡ። ከሌላው ወገን ዞሮ ይመጣል።»

«አባዬ፣ አይ ኖው! እዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።»

«ውሃ ቅዱ።»

«ቀድተናል።»

«ነፋሱ ብቻ አይደለም። ባሕሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ የብስ ይወጣል፤ እናንተ ደግሞ ከዳርቻው…»

«ኮረብታው ላይ ስኩል አለ፣ እዚያ ገብተናል። የባሌ እናት ናቸው ጎትተው ያወጡን። እሳቸው ደግሞ እንዳንተ ብዙ አያወሩም» ብላ ሳቀች።

ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ፤ ሰው ምስማር ይመታል። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ «ባትሪሽን ቆጥቢ» ሆኖ ወጣ። ዘጋሁት።

ታይፎኑ መሬት ሲነካ ሥራ ላይ ነበርኩ። መንገደኞቼን አውርጄ ስልኬን ስከፍት፣ ደሴቷ ነጩ ሥር ገብታ የለችም። ደወልኩ፤ አይጠራም። ከዚያ በኋላ ለቀናት አልጠራም።

በዜና የመጣውን ሁሉ አየሁ። የኮኮናት ዛፎቹ ከወገባቸው ተቆርጠዋል። የቤት ቆርቆሮ የመብራት እንጨት ላይ እንደ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ጀልባ አስፋልት መሐል ቆሟል። ሰዎች ጭቃ ውስጥ ዕቃ ተሸክመው ሲሄዱ እየመለስኩ እያቆምኩ አያለሁ፤ ከመካከላቸው አረማመዷን እፈልጋለሁ። ልጄ ስትሄድ ግራ እግሯን ትንሽ ትወረውራለች፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው። በሕይወት ዘመኔ እንደዚያ ሰሞን የሰው እግር አተኩሬ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ መርዶ መናገር አለብኝ። በእድራችን ሰው የሞተበትን የማረዳው እኔ ነኝ። ከአገር ቤት የሞት ዜና ሲመጣ ለሐዘንተኛው በስልክ አይነገርም። ሥራ ሳይሄድ ማለዳ ተሰባስበን በሩ ላይ እንገኛለን። መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን እናቆማለን፤ በመስኮት አይቶ ቀድሞ እንዳይደነግጥ። ይህን ሥርዓት ለሌሎቹ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ስልኩ በጠፋ በሦስተኛው ጠዋት መጋረጃዬን ገለጥኩ። ሌሊቱን በረዶ ጥሏል። ከመንገዱ ማዕዘን ወዲያ ሦስት መኪና ቆሟል፤ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። የእድራችን ሰዎች አቀርቅረው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ወደ ቤቴ ይመጣሉ።

በሩን ከፈትኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተናገሩት» አልኩ። «ሌሎችን እንዳስተማርኩት ወንድ ሆኜ እሰማለሁ። እንደ ሥርዓቱ ብቻ ንገሩኝ።»

ሦስቱም ቆሙ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ምኑን?»

«ልጄን!»

«ኧረ ወዲያ! ኧረ አፍህን ቁረጠው! ምንም አልሰማንም እኮ! ብቻህን እንዳትሆን ቁርስ ይዘን ነው የመጣነው» አለና የተጠቀለለ ነገር ከኮቱ ሥር አወጣ።

«ታዲያ መኪናችሁን ለምን እዚያ አቆማችሁት?»

«ያ ጎረቤትህ ባለፈው ደጁ ላይ ፓርክ ብናደርግ ፖሊስ ጠራብን አይደል!»

«ያቀረቀራችሁትስ?»

«በረዶው ያዳልጣላ! ቀና ብለን እንውደቅልህ?»

እንዲህ የተቆጣሁበትን ቀን አላስታውስም። ልጁ ማዕበል ውስጥ ያለች አባት ቤት በማለዳ ተሰልፎ መምጣት ምን ዓይነት ማስተዋል ማጣት ነው አልኳቸው። ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡን ሽማግሌ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ሰሙኝ።

«አንተው ነህ በዚህ ሰዓት ሰው ቤት መሄድ ያስለመድከን» አሉ። «ስንቱን ደጃፉ ላይ እንዲህ አስቀምጠኸዋል። አሁን ተነሣ፤ ቂጣው ቀዘቀዘ።»

ሽማግሌው በብብቴ ይዘው አነሡኝና በላን። ከዚያ አንድ በአንድ ወደየሥራቸው ሄዱ።

ከሁለት ቀን በኋላ አመሻሹ ላይ፣ መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሆኜ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና እሄዳለሁ። አውቶቡስ ውስጥ በስልክ የሚጮኽ ሰው አልወድም፤ የስንቱን ሐበሻ ክንድ ነካ አድርጌ «ዝግ በል» ብያለሁ። የማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ጠራ።

«አባዬ?»

ተነሥቼ ቆምኩ።

«ደህና ነን። ሁላችንም። ቤቱ ሄዷል፤ ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ ሁሉም። ስልኩ የሰው ነው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ላይኑ ረጅም ነው፣ ቶሎ መልሼ መስጠት አለብኝ።»

«ነይ» አልኳት። «ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። አሁኑኑ ነይ።»

ከኋላዋ ጄኔሬተር ይንኳኳል።

«አባዬ፣ እዚህ ሰው በጣም ተጎድቷል። ስኩሉን ክሊኒክ አድርገነዋል። ነርስ እኔና ባሌ ብቻ ነን። አሁን ጥዬ ብመጣ አንተ ራስህ ምን ትለኝ ነበር?»

ምን እንደምላት ሁለታችንም እናውቃለን። ያሳደግኳት በዚያ ነው። የሰው ልጅ ወድቆ እያዩ ማለፍ ነውር ነው ብዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልነገርኳት ቀን የለም። የራስን ስብከት ከልጅ አፍ መስማት እንዴት እንደሚከብድ ያን ዕለት አወቅኩ።

ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ጭቃ ሲደርቅ ስለሚመጣው በሽታ ያነበብኩትን ሁሉ ልነግራት ነበር። ተውኩት።

«ናፍቀሽኛል» አልኳት።

«ምን?»

«ናፍቀሽኛል!»

«አባዬ፣ አይሰማም!»

«ናፍቀሽኛል እኮ ነው የምልሽ!» ብዬ አውቶቡሱን አናጋሁት። ሹፌሯ በመስታወቷ አየችኝ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ጆሮው ላይ የሰካውን ነቀለ።

ወዲያ ማዶ ሳቋን ሰማሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«መጀመሪያውኑ ሰምቼሃለሁ» አለች። «እንድትደግመው ብዬ ነው።»

ስልኩ ለሚቀጥለው ሰው ተሰጠ። መውረጃዬን አልፌው ነበር። ወርጄ በበረዶው ውስጥ በእግሬ እየተመለስኩ የአየር ሁኔታውን ከፈትኩ፤ እሷ ጋ ፀሐይ ነው ይላል። ቆርቆሮ ለሌለው ቤት ፀሐይ መልካም ነው።