የምንይሉ አውራ ጣት

ጎረቤቴ ምንይሉ ክራር ሲመታ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሰቆጣ ውስጥ እሱ ያልተጠራበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። እኔ ደሴ የምባል ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ወደድኩም ጠላሁም እሰማዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሰምቼው አንድም ቀን አልሰለቸኝም። ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ የሰማሁት ግን ሌላ ነው።

ነገሩ የልጁ የዘመናይ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዝናቡ ሲቀር፣ ወደ ጅዳ ሂጂ ያላት ራሱ ነበር። በምትሄድበት ጠዋት ለመሸኛ ያወጣላትን ዜማ በክራር ጀመረላትና ግማሽ ላይ ዕንባ ቀደመው። «ግድ የለም አባዬ፣ ስመለስ ይጨርሱልኛል» ብላው ሄደች።

ባለፈው መስከረም፣ ጥር ላይ መጥታ እንደምታገባ ላከችበት። ከመልእክቱ ጋር አንድ ኦርጋን በሰው ደረሰው። «ያችን ዜማ በዚህ ጨርሰው ይሸኙኝ፤ አደራ» አለችው በስልክ። ሙሽራው እዚያው ጅዳ የሚሠራ የአምደወርቅ ከተማ ልጅ ነው። ከሰርጉ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ይበራሉ፤ መልስ የሚባል የለም። ስለዚህ ለምንይሉ የቀረችው አንዲት ሽኝት ብቻ ናት።

ኦርጋኑን ጠረጴዛ ላይ አጋደመና ጠራኝ። «ደሴ፣ ና እይ! የዜማው ድምፅ አምስት፣ ጣቴ አምስት። ፈጣሪ አስቀድሞ ቆጥሮታል።» ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጣት ሾመለት፤ ለመጀመሪያው አውራ ጣትን፣ ለአምስተኛው ትንሿን ጣት። የክራር ሰው እንዲህ ነው፤ ጣቱ የተሰጠውን ክር እንደ ርስት ይይዛል እንጂ አይለቅም። እውነቱን ለመናገር ሲጀምረው አማረ። እኔም መቀሴን አስቀምጬ ቆሜ ሰማሁት። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ግን ትንሿ ጣት ዳር ላይ ቆማ ቀረች። የመጀመሪያው ድምፅ ከእሷ በላይ ቀጥኖ ይደገማል፤ ቁልፍ አለ፣ ጣት የለም። በክራር ቢሆን ክሮቹ ስለሚቀራረቡ አንዱ ጣት ሁለት ደርቦ ይይዛል። እዚህ ግን አውራ ጣቱ ያለው ወዲያ ማዶ ነው።

እንድታሳየው ትንሣኤን ለመነ። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ መምህርት ናት፤ ባሕር ዳር ተምራ የመጣች ትዕግሥተኛ ሴት። አየችውና፣ «ጋሼ ምንይሉ፣ ጣት የሚመርጡት አሁን ለሚነኩት ቁልፍ አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ነው» አለችው። «መጀመሪያ ዜማው የት እንደሚደርስ ይዩ። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲሆኑ አውራ ጣትዎን በመሐል ጣትዎ ሥር አሳልፈው አራተኛው ላይ ያሳርፉት። ያኔ ለላይኛው ጣት ይተርፍዎታል።»

«አለቃውን በሎሌዎቹ ሥር?» አላት። እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም።

የእጁን አንጓ ይዛለት ሲሞክር አውራ ጣቱ ያልፋል። ወጥታ ስትሄድ፣ ገና በሩን ሳትዘጋ፣ እጁ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ ገባ፤ እኔም በግድግዳው በኩል ያችን ጎዶሎ ዜማ በቀን ሃያ ጊዜ እየሰማሁ የሰው ሱሪ አጣመምኩ።

«ምነው ይኼን ሣጥን ትተህ በክራርህ ብትሸኛት?» አልኩት አንድ ቀን ተናድጄ።

«ልጄ በሰው አገር ለፍታ የላከችውን ትቼ? እንዴት ብዬ ዓይኗን አየዋለሁ?» አለኝ። ቆየት ብሎ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘረጋቸው። «ሂጂ ስላትም እንዲሁ ነበርኩ፣ ደሴ። ቀጥሎ የሚመጣውን አላየሁም።»

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ዘመናይ በነጭ ቀሚሷ የሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገባች፤ ምንይሉ ደጃፉ ላይ ኦርጋኑን ዘርግቶ ጀመረ። ዜማው ወደ ላይ እስከሚወጣበት ድረስ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ትንሿ ጣት ዳር ላይ ቆመች። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት እልል አለ። ክራር የሚመታ ሰው ከተሳሳተ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ እሱም ከመጀመሪያው ተነሣ። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ደግሞ ተነሣ። ሹፌሩ የአምደወርቅ መንገድ ሩቅ ነው እያለ ጥሩምባውን ነፋ።

ሮጬ ገብቼ ክራሩን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠሁት። አራት ወር ያልተነካ ክራር ነው፤ ክሮቹ በሙሉ ላልተዋል። ሁለቱን ሲያጠብቅ ሦስተኛው ይላላል። እኔም እንደ ሞኝ አጠገቡ ከመቆም ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዘመናይ በመስኮቱ ብቅ ብላ በከበሮው ጩኸት መሐል፣ «አባዬ፣ ጨረሱልኝ?» አለች።

ምንይሉ ክራሩን ዝቅ አድርጎ እጁን አነሣላት። «ጨርሼልሻለሁ ልጄ! በሰላም ግቢ!»

ፊቷ በራ። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ።

እንግዳው ወደ ዳሱ ለምግብ ገባ። እሱ ተመልሶ ኦርጋኑ ፊት ተቀመጠና እንደዋዛ ነካካው። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ በመሐል ጣቱ ሥር ሹልክ ብሎ አለፈ። ዜማው ወጣ፣ ላይ ደረሰ፣ ተመለሰ፣ አለቀ። አንድ ቦታ እንኳ አልተሰበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ የሰማሁት።

«ደውልላት!» አልኩት ስልኬን እየሰጠሁት። «ገና ከተማውን አልወጡም፤ አሁኑኑ አሰማት።»

ስልኩን አየና አልተቀበለኝም።

«ምን ብዬ?» አለኝ። «ጨርሼልሻለሁ ብያታለሁ እኮ።»