ባለቤቴ ያሳጠረው አድራሻ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ ወረቀት መቁረጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የክር ካርቶን ክዳን በመቀስ ይሸነሽናል፤ እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያንኑ አንድ ነገር እጽፋለሁ። የምጽፈው የኢንተርኔት አድራሻ ነበር፤ ግማሽ መስመር የማይሞላ፣ አጭር። እጄ ስለለመደው ማየት እንኳ አያስፈልገኝም። እሱ ግን እንደ ልማዱ አንዱን አንስቶ ከዓይኑ አርቆ ያዘና፣

«ይቺ መጨረሻዋ ተንጋዳለች» አለኝ።

«የተንጋደደው ዓይንህ ነው። መነጽር ግዛ ስልህ አትሰማም።»

«መነጽር ካደረግኩማ አንቺንም አጥርቼ ላይሽ ነው። ይቅርብኝ።»

በያዝኩት እስክሪብቶ ክንዱን መታ አደረግኩት። ወረቀቶቹን በላስቲክ አስረን ከዚፕ ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጥንና ሱቁን ዘጋን። በማግስቱ እሁድ ጠዋት፣ ራጉኤልን ልንሳለም ስንወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ወደ ጎን ዘመም አለ። ጎረቤቶች ተሯሩጠው ታክሲ አመጡ። ሐኪም ቤት ከመድረሳችን በፊት አረፈ።

ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ስለ አድራሻው ግን መጻፍ እችላለሁ፤ እሱን ስጽፍ ባለቤቴም አብሮ ይመጣልኛል።

ሱቃችን ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ነው፤ በሁለት ግንቦች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ። የምንሸጠው ልብስ ሰፊዎች የሚፈልጉትን ነው፦ ክር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ላስቲክ፣ ከሁሉም በላይ የልብስ ቁልፍ። ባለቤቴ ራሱ በወጣትነቱ ሰፊ ስለነበረ ከደንበኞቹ ጋር የነበረው ነገር ከመሸጥና ከመግዛት ያለፈ ነው። ከእኛ በወሰደው ቁልፍ ጥሩ ልብስ የሰፋ ሰው ላሰፋው ደንበኛ ከማስረከቡ በፊት አምጥቶ ለባለቤቴ ያሳየዋል። ባለቤቴ ልብሱን በመስቀያ ያንጠለጥልና በግራ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ከዚያ በነፃ በከፈተው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይለጥፈዋል። ሌላው ሰፊ የኮሌታውን አቆራረጥ፣ የኪሱን አቀማመጥ አይቶ ይማርበታል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ የገጹ አድራሻ ሁለት መስመር የሚፈጅ የፊደል፣ የቁጥርና የጭረት ሰልፍ ነበር። ጽሑፌ ስለሚነበብ ለደንበኞች የምገለብጠው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ አልነበራቸውም። ወረቀቱን ይዘው ሲኒማ ራስ አካባቢ ካሉት ኢንተርኔት ቤቶች አንዱ ጋ ይሄዳሉ፤ እዚያ ያለው ሰው ሲጽፍ አንዷን ጭረት ይዘልላል፤ በማግስቱ ሰፊው ተመልሶ «የለም ይላል» ይለናል። እኔም እንደገና እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ፊቱ ሁሉ በርቶ ስልኩን አሳየኝ። ረጅሙን አድራሻ ሲሰጡት አጭር አድርጎ የሚመልስ አገልግሎት አግኝቷል፤ ክፍያ የለውም። በዚያ ሰዓት ከሱቃችን ፊት የቆሙት ኮት በመስፋት የታወቁ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ባለቤቴ ሥራ የለመደው ከእሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ያንን ጅራታም አድራሻ አሳጠርኩት!»

«በስንት?»

«በነፃ።»

«በነፃ? እኛ የሱሪ እግር ስናሳጥር እንኳ እንቀበላለን። ምን ፈልገው ነው በነፃ የሚያሳጥሩልህ?»

«ምን አውቃለሁ፤ ደግ ሰዎች ይሆናሉ።»

«እሺ ይሁኑ። ቁራጩንስ የት አደረግከው?»

ሱሪ ሲያጥር የተቆረጠውን ጨርቅ ከሱሪው ጋር አጥፎ ለባለቤቱ መመለስ የሰፊ ደንብ ነው። ነገ ቢቀደድ መጣፊያ ይሆነዋል። አዛውንቱ የጠየቁት ለቀልድ ነበር፤ ባለቤቴም በቀልድ፣

«እነሱ ዘንድ ነው ጋሼ። እነሱ ያስቀምጡልኛል» አላቸው።

ሦስታችንም ሳቅን። ረጅሙ አድራሻ ተጽፎበት የነበረውን ወረቀት ባለቤቴ ከደብተሩ ገነጠለና የእሳቸውን የኮት ቁልፎች ጠቅልሎበት ሰጣቸው። ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል? ከዚያ በኋላ የነበረን አጭሩ ብቻ ነው። ቁልፍ በሸጥን ቁጥር ያቺን ትንሽ ወረቀት እንጨምርበታለን።

ባለቤቴ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። በሰርግ፣ በክርስትና፣ ካሜራ ሲመጣ እሱ ወጥቶ በር ላይ ይቆማል። ሲሞት ለለቅሶው የተገኘው የመታወቂያው ፎቶ ነው። አሳድገው በፍሬም አመጡልኝ። ፊቱ የእሱ ነው፤ ግን ፎቶ አንሺውን የተቆጣ ይመስላል። እኔ ያንን ፊት ቤቴ ውስጥ አላውቀውም።

የለቅሶ ሰው ከተበተነ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በገጹ ላይ ባሉት ፎቶዎች ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ኮትና ቀሚስ በላይ፣ መስቀያውን የያዘው የግራ እጁ አለ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ሥራ ሲለማመድ የስፌት መኪናው መርፌ አልፎበት ነው፤ እንደዚያው በቀለ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት እጅ ነው። ያንን እጅ ማየት ፈለግኩ።

ቢሆንም አልቸኮልኩም። ከል ለብሼ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ሱቁም ተዘግቷል። አድራሻውን አንድ ወረቀት ላይ በራሴ ጽሑፍ ይዤዋለሁ፤ የትም አይሄድም። እስከ ሙት ዓመቱ ልቆይ፣ ሲረጋጋልኝ አየዋለሁ አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ገና ያላየሁት ነገር መኖሩ ራሱ ያጽናናኝ ነበር።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ከሉን ካወለቅኩ በኋላ ሲኒማ ራስ አጠገብ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። የምትሠራው ሴት ወረቀቴን ተቀብላ ጻፈች፤ ጠበቀች፤ እንደገና ጻፈች።

«እትዬ፣ አይከፍትም። አገልግሎቱ ተቋርጧል ነው የሚለው።»

«የባለቤቴ ገጽ ተዘጋ?»

«ገጹ እንኳ ሊኖር ይችላል። የተዘጋው አድራሻ የሚያሳጥረው ነው፤ እሱ ሲዘጋ ያሳጠራቸው ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ረጅሙ ካለዎት በሱ እንገባለን።»

«ረጅሙ የለኝም።»

«የሳቸው ስልክስ?»

ስልኩ በዚያ እሁድ ግርግር ወድቆ ቀርቷል። የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሴትየዋ እንዳይከፋኝ ብላ በፍለጋ ሞከረችልኝ፤ በሱቃችን ስም፣ በኮት፣ በቀሚስ። የሰው አገር ልብስ ሁሉ መጣ፤ የእኛ አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ስነሳ፣

«እትዬ፣ ከዚያ ገጽ ፕሪንት ያስደረገ ሰው የለም?» አለችኝ። «ከኢንተርኔት ሲታተም ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ግርጌ አድራሻው በደቃቁ ይወጣል። ረጅሙ፣ እንዳለ። አንድ ወረቀት ካገኙ ይዘውልኝ ይምጡ።»

በማግስቱ ደንበኞቻችንን መዞር ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ያላነጋገርኩት ሰፊ የለም ማለት እችላለሁ። ሁሉም ወንበር ይሰጡኛል፤ ከተቀመጥኩ በኋላ የመጣሁበትን ስነግራቸው የመኪናቸውን መሳቢያ ይጎለጉላሉ። «ይኸውና! መቼ ጣልኳት!» ይለኛል አንዱ። ሌላው ከኪስ ቦርሳው ያወጣል። ከተማው ሁሉ የእኔን ጽሑፍ አስቀምጦ ነበር። ግን የሚያሳዩኝ ሁሉ ያቺን አጭሯን ነው፤ የድሮዋን ረጅሟን አጭሯ ስትመጣ ጥለዋታል፤ ፕሪንት ያስደረገ አልነበረም። «እዚያው አይተን ነው የምንመለሰው» አሉኝ።

ኮት ሰፊውን አዛውንት ወደ መጨረሻ አስቀርቻቸው ነበር። ባለቤቴን እንደ ልጃቸው ስላለቀሱት እንደገና ማስለቀስ ፈርቼ ነው። ፎቅ ላይ ካለው ክፍላቸው ስገባ መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ፣ በአራት ስፒል የተያዘ የቀለም ፎቶ ተሰቅሏል። የሴት ካፖርት ነው፤ ሰፊ ኮሌታ ያለው። እኔ ግን ካፖርቱን ያየሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ያለውን እጅ ነው። ጥፍሩም ይታያል።

ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣

«ግቢ እንጂ ልጄ፤ ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«እሱ ከሰጠኝ ወረቀት ነዋ። ዓይኔ ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ አላይ ብሎኝ፣ አትሙልኝና ክፍሌ ሰቅዬ ልየው አልኳቸው።»

ጠጋ ብዬ ወደ ግርጌው ተመለከትኩ። ጽሑፍ የለም። ወረቀቱ ልክ ከካፖርቱ ጫፍ ሥር፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ከታች ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት?»

«የፈረንጅ ፊደል ነገር ነበረው። ነጩ ጠርዝ ወጣ ገባ ብሎ ሲያስጠላኝ በመቀስ አስተካከልኩት። ጠርዙ ያልተስተካከለ ነገር ፊቴ ተሰቅሎ ሥራ አይገፋልኝም፤ ታውቂኝ የለ።»

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ምን እንደምፈልግ፣ ጽሑፉ ምን እንደነበረ። ሲገባቸው እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ። ተነስተው የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚያጠራቅሙበትን ማዳበሪያ ወለሉ ላይ ገለበጡት። ሁለታችንም ተንበርክከን ፈለግን፤ ገበር፣ ሱፍ፣ የክር ጉንጉን። ያ ከተቆረጠ ሁለት ክረምት እንዳለፈው ሁለታችንም እያወቅን ፈለግን።

«ስንት ዘመን የሰው ጨርቅ ስቆርጥ የሰው ቁራጭ ጥዬ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «የሱን ልጣል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ባያሳትሙት ይሄም አይኖርም ነበር» አልኳቸው። ለማጽናናት ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እውነት መሆኑን አየሁ።

ስፒሎቹን ነቅለው ፎቶውን ሰጡኝ። መንገድ ተሻግሬ ፎቶ ኮፒ አስደረግኩት። ካፖርቱ ጠቁሮ፣ እጁ ከመስቀያው ጋር አንድ ጥላ ሆኖ ወጣ፤ ጥፍሩ የለም። ዋናውን መልሼ አመጣሁላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያንኑ ካፖርት የሚመስል ተቆርጦ ገና ያልተገጠመ ሥራ ነበረና፣ እያዩት የሚሠሩበትን ነገር ወስጄ መሄድ አልሆነልኝም። «ሥራው ሲያልቅ ውሰጂው» አሉኝ። አልቋል፤ አልወሰድኩትም።

በቀለም የሚገለብጥ ቤት እንዳለ ኢንተርኔት ቤት ያለችው ሴት ነግራኛለች። እሱንም እስካሁን አላስደረግኩም። ካስደረግኩት ያንን ደረጃ የምወጣበት ምክንያት የሚያልቅብኝ ይመስለኛል። የቀሩት ፎቶዎች ምናልባት የሆነ ቦታ አሉ፤ መንገዱ ግን ጠፍቷል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እየነገርኩ መልመድ ይዣለሁ።

አሁን ሱቁን ከፍቻለሁ። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ለአዛውንቱ ክርና ገበር ይዤላቸው እወጣለሁ፤ ፎቶው ፊት ትንሽ ቆሜ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።